ለወንድሜ ጋብቻ ወደ ጋምቤላ ማዘጋጃ ቤት

ወሬው የደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። አከራዬ ወይዘሮ ሙሉ ደብዳቤ በእጇ ይዛ አጥር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ደብዳቤውን ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር በአፉም ነግሯት ኖሮ ከእኔ ቀድማ አውቃለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ላጽናናሽ?» አለችኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ወንድምሽ ሊያገባ ነው። እዚያው ጋምቤላ፣ ያገሩን ልጅ። በማዘጋጃ ቤት።»

ነጠላዬን ሳላወርድ እዚያው ቆሜ ደብዳቤውን ከፈትኩት። የታናሽ ወንድሜ የምንይችል ጽሕፈት ነው። ጋምቤላ ማስተማር ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። በጤና ጣቢያ የምትሠራ አርያት የምትባል የአኙዋ ልጅ ሊያገባ ነው። አዲሱ የክልሉ ቢሮ የሠራተኛ ምደባ እያወጣ በመሆኑ፣ እሱን ወደ ማታር፣ እሷን ወደ ፑኝዶ ሊልኳቸው ነው። አንዱ ከአንዱ መንገድ የሌለው ያህል ይርቃል። የጋብቻ ማስረጃ ያላቸውን ግን አንድ ቦታ ይመድባሉ። ዝርዝሩ የሚለጠፈው በመጪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንዴ ከተለጠፈ እስከ ዓመት አይነካም። «ከእኔ ወገን ምስክር ሆነሽ እንድትፈርሚ እፈልጋለሁ። ካንቺ ሌላ ሰው አላቆምም» ይላል። ከታች ደግሞ፦ «እዚህ ጥሎሹ ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ስለሱ አትጨነቂ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ይህን የምጽፈው ቢቸና ላላችሁ ዘመዶቼና ለማኅበር እኅቶቼ ስለሆነ፣ የምታውቁትን ነገር አላስረዝምም። አባታችን ሲሞት ምንይችል ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። እናታችን እጄን ይዛ «ይኼን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ሳትድሪው እንዳትቀሪ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጅማ አምጥቼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በታይፒስትነት በማገኛት ደመወዝ። ስለዚህ ወደ ጋምቤላ የሄድኩት ልፈርም ሳይሆን ላስቆመው ነበር። ልጅቱ ትማር፣ ትጠመቅ፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ይሁን ልለው።

ቢሆንም ባዶ እጅ አይኬድም። ለልጅቱ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ገዛሁ። ጥሎሹ ሰማያዊ ጨሌ ነው ካለ ደግሞ፣ ከዚያ የቀለለ ነገር ምን አለ ብዬ ጅማ ገበያ ሁለት ዘለላ ገዛሁ። ጨሌ የሚባለው ነገር ከየትኛው ቤት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን አይቼ ነው የከፈልኩት። ዶቃ ነው፣ ጌጥ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሰኞ።

አውቶቡሱ ከጅማ ሲነሳ ገና አልነጋም። እስከ አጋሮ መንገዱ ደኅና ነው። የዴዴሳን ድልድይ አልፈን ሽቅብ ስንጀምር አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ወንዶቹ ሊገፉ፣ ሴቶቹ ክብደት ልንቀንስለት ወረድን። እኔም ስወርድ የግራ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። ረዳቱ «እመቤት፣ ለሚቀጥለው ሰው ይቅርለት» አለኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት አዴ ደሚቱ የሚባሉ የበደሌ ነጋዴ ሴት ግን ሳይስቁ ዘንቢላቸውን ፈትተው ለገበያ ከያዙት መሐል አንድ ጥንድ የኮንጎ ጫማ አውጥተው ሰጡኝ። ልክፈል ብል «በባዶ እግሯ ከቆመች ሴት ገበያ አልጀምርም» አሉኝ።

በደሌ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አልጋ ልይዝ ስል አዴ ደሚቱ ሻንጣዬን ተሸክመው ቀድመውኝ ሄዱ። ቤታቸው አሳደሩኝ። ቤታቸው የእኛን አገር ቤት አይመስልም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግቢው በኮክና በሙዝ የተከበበ ነው። የመኝታ ክፍሉ በር መዝጊያው ተሰብሮ ስለነበር፣ እሳቸው ራሳቸው በሩ ላይ ሰሌን አንጥፈው ተኙ። ጠዋት ስመርቃቸው «ልጄ ሐረር ነው ያለችው፤ እሷንም እንዲህ የሚያሳድራት አይጥፋ» አሉ።

ማክሰኞ።

ከበደሌ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ። ስለ ደኑ ምን ልበላችሁ፤ ቢቸና ዛፍ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው፤ እዚህ ግን ሜዳው ራሱ ዛፍ ነው። ስታዩት ደጀ ሰላም እየፈለጋችሁ ትቀራላችሁ። መቱ ላይ ሽሮ በላሁ፤ ወጡ ቀጭን፣ እንጀራው ግን ደኅና ነበር።

ጎሬ ስንደርስ ጭጋጉ ከቢቸና ሐምሌ አይለይም። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ሁለት ደርበው ካለበሱኝ በኋላ፣ መኪና ሳይኖር የዚህ አገር ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ድረስ ይወርድ እንደነበር፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ እንደነበር አወሩልኝ። «በቅሎዎቹ ሲመለሱ ጨውና አቡጀዲ ይዘው ነው፤ ነጂዎቹ ደግሞ ወባ ይዘው» አሉ። ይኼን እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት፤ ወንድማቸው ግን ከነጂዎቹ አንዱ እንደነበር ቆይተው ነገሩኝ።

ረቡዕ።

አውቶቡስ ስላልነበረ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሄድኩ። የእኛውን ሳይሆን የዚህን አገር ቡሬ አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ሾፌሩ «ጋቢሽን አጣጥፊ፤ ከዚህ በታች ብርድ የሚባል የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጎሬ ጭጋግ ወጥተን ምድጃ አፍ ላይ የተቀመጥን መሰለኝ።

ኬላ ላይ ሻንጣዬን ፈተሹ። ታጣቂው ሰማያዊውን ዶቃ ከፍ አድርጎ አየና «ነጋዴ ነሽ?» አለኝ። «አይ፣ ጥሎሽ ነው» አልኩት። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም አልሳቁም፤ ግን ቀስ አድርገው መልሰው ሲያስቀምጡት አንድ ነገር እንደሳትኩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ጋምቤላ የገባሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ትልቁን ድልድይ ተሻግረን መኪናው ሲቆም ምንይችል ቆሞ አየሁት። ከስቷል፤ ፀሐዩ አጥቁሮታል። ጫማዬን አይቶ «እታለም፣ ኮንጎ ጀመርሽ?» አለኝ። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ያንን ሁሉ መንገድ ያሰብኩትን ንግግር በዚያች ሰዓት መናገር አልቻልኩም፤ ነገ እለዋለሁ አልኩ።

ከተማው ሰው በእግሩ የሚሄድበት ነው። ዓባይን ከቢቸና የምናውቀው ከገደል አፋፍ ነው፤ የት እንዳለ እንኳ ሳናየው ድምፁን የምንፈራው ወንዝ ነው። ባሮ ግን እንደ ጎረቤት ከቤቱ ደጅ ያልፋል። ሴቶቹ ልብስ ያጥቡበታል፣ ሰው ገላውን ይታጠብበታል፤ የክረምቱ ውሃ ገና ስላልጎደለ ሙሉና ጭቃማ ነው።

ሲመሽ ወደ አርያት ቤት ወሰደኝ። እናቷ፣ አጎቷ አቶ ኦቻላና ታላቅ ወንድሟ ኦባንግ ነበሩ። አርያት ረጅም ናት፤ ዝምታዋ ሥራ ላይ ያለች ሰው ዝምታ እንጂ የእፍረት አይደለም። እናቷ አማርኛ ጥቂት ነው የሚናገሩት፤ አቶ ኦቻላ ያስተረጉማሉ።

ምግብ ቀረበ። ሰፊ ሣህን ላይ አንድ ሙሉ ዓሣ። ኦባንግ ከንጋት ጀምሮ ወንዝ ዳር ውሎ ያጠመደው ነው፤ ደገኛ በጾም ቀን ዓሣ ይበላል ብለው ሰምተው፣ ረቡዕ መሆኑን አስበው ነው። የእኔ ነፍስ አባት ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ዓሣን በጾም አይፈቅዱም። ምን ልበል? ምንይችልን አየሁት። ጎንበስ ብሎ ይበላል።

«አትበይም?» አሉ አቶ ኦቻላ።

«ጾም ነው» አልኩ።

«ስለ ጾሙ ነው ዓሣ።»

«የእኔ አባት አይፈቅዱም።»

አቶ ኦቻላ ይህን ለእናትየዋ ተረጎሙ። እሳቸው ተነሥተው ወጡ። ተቀየሙ ብዬ ላቤ መጣ፤ ሙቀቱም አለ። ከቆይታ በኋላ እሸት በቆሎ ጠብሰው፣ ለውዝ በሌላ ሣህን ይዘው ተመለሱ። ኦባንግ «እኔ ዛሬ ለምንይችል ነው ያጠመድኩት እንግዲህ» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ስጦታዬን በዚያው ሰዓት ባወጣ ይሻላል ብዬ ነጠላውን ለአርያት አለበስኳት። ከዚያ ሁለቱን ዘለላ ሰማያዊ ዶቃ አወጣሁና በሁለት እጄ ለእናትየዋ አቀረብኩ። «ጥሎሽ» አልኩ።

ምንይችል ዓይኑን ጨፈነ። እናትየዋ ዶቃውን ተቀበሉ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነካ አደረጓት፤ አቶ ኦቻላን አዩ። ከዚያ በእርጋታ፣ በእኔ ላይ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ አጠገባቸው በተቀመጠችው በትንሿ የልጅ ልጃቸው አንገት ላይ አንዱን አሰሩላት። ሌላውን መለሱልኝ። «ቆንጆ ነው» አሉ በአማርኛ። ያኔ ሁሉም እየተጠነቀቁ ሳቁ። ትንሿ ልጅ ወጥታ ለጎረቤት ልታሳይ ሮጠች።

ወደ ማረፊያዬ ስንመለስ «ምንድነው ያደረግኩት?» አልኩት ምንይችልን።

«ነገ ጋሽ ኦቻላ ይነግሩሻል» አለ። «አትጨነቂ ብዬ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነበር።»

የራሱን ክፍል ለቅቆልኝ እሱ ጓደኛው ዘንድ አደረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎበር ውስጥ ተኛሁ።

ሐሙስ።

ጠዋት ሁላችንም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድን። የደብረ ማርቆስን ማዘጋጃ ቤት ያየ ሰው ይኼን ቢያይ ማዘጋጃ መሆኑን አያምንም። ዝቅ ያለ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ አለው፤ መስኮቱ መስተዋት ሳይሆን የሽቦ ወንፊት ነው። ግንቡ የቆየ ነው፣ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ቀለሙ ገና ይሸታል። አዲሱ የክልሉ ባንዲራ ከአገሪቱ ባንዲራ ጎን ተሰቅሏል። በረንዳው ላይ ባለጉዳዩ በየቋንቋው ያወራል፤ ሁለት ሰው ሳይግባባ ሲቀር ወደ አማርኛ ይመጣል። እኛ አገር አማርኛ የቤት ልብስ ነው፤ እዚህ እንደ ድልድይ ሁሉም ይሻገርበታል።

የክብር መዝገብ ሹሙ አቶ ቱት ይባላሉ። አማርኛውን ጎሬ ትምህርት ቤት እንደተማሩት ነገሩን።

«ሙሽሪት ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች አርያት።

«አውቅሻለሁ። ክትባት የወጋሽኝ አንቺ ነሽ። ክንዴ እስካሁን ያመኛል።»

«ስለተንቀጠቀጡ ነው።»

አቶ ቱት ሳቁና ወረቀቶቹን ተመለከቱ። ሁሉ ሙሉ ነው። «ፈቃደኝነት አለ፣ ምስክር አለ፣ ቅጽም አለ» አሉ። «የሌለው ታይፒስት ነው። ታይፒስታችን ኢታንግ ለቅሶ ሄዳለች። ሰኞ ትመለሳለች።»

«ዝርዝሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል» አለ ምንይችል።

«አውቃለሁ።»

«በእጅ ቢጻፍስ?»

«ባለፈው በእጅ ጽፌ ሰጠሁ፤ ቢሮው መለሰው። አውራጃ ሳለን በእጅ ይበቃ ነበር፤ አሁን ክልል ሆነናል። ሌሎቹ ታይፒስቶች ደግሞ ለምክር ቤቱ ስብሰባ ወረቀት ተይዘዋል። እስከ ነገ እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም።»

በክፍሉ ጥግ ጠረጴዛ ላይ የታይፕ መኪናው ተቀምጧል። ከስንዴ ዱቄት ከረጢት የተሰፋ ልብስ ለብሷል። ረጅሙ ሮለር በጎን ከጨርቁ ወጥቶ ይታያል። ያንን ዓይነት መኪና አሥራ አራት ዓመት መትቼበታለሁ።

ምንይችል አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ከእሱ በቀር በዚያ ክፍል ውስጥ የእኔን ሥራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ በልቤ ያልኩትን ልሸሽግ አልፈልግም፦ እኔ ሳልከለክል ራሱ እግዚአብሔር ከለከለ አልኩ። ሦስት ሰዓት ይሆናል።

«እንግዲህ እንግዳችን ከተማ ትይ» አሉ አቶ ኦቻላ። ምንይችልና አርያት ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ እኔ ከአቶ ኦቻላና ከኦባንግ ጋር ወጣሁ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ወንዙ ሩቅ አይደለም። የድሮው ወደብ እዚያ ነው። የድንጋይ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ያላቸው መጋዘኖች ተደርድረው አሉ፤ የእንግሊዞች ንግድ ጣቢያ በነበረ ጊዜ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ተዘግቷል፣ አንዳንዱ የእህል ማስቀመጫ ሆኗል። ባሮ ዳር መርከብ ይታሠርበት የነበረ ወፍራም ብረት መሬት ውስጥ እንደተተከለ ነው፤ አሁን ፍየል ታስሮበታል። ትንሽ ወረድ ብሎ የአንድ ጀልባ የብረት ጎን በሣር ተውጦ ይታያል። ታሪክ አዋቂ ሰው ቢኖር ብዙ ይነግራችሁ ነበር፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

«አባቴ እዚህ ተሸካሚ ነበር» አሉ አቶ ኦቻላ። «ቡናው ከእናንተ ይመጣል። ጨው ከእነሱ ይመጣል። ወንዙ የእኛ ነው። እኛ እንሸከማለን።»

«መርከቡን ያስታውሱታል?»

«ሲጮህ አስታውሳለሁ። እንዲህ ወንዝ ሲሞላ ይመጣል። ልጅ ሁሉ ይሮጣል። አሁን ወንዝ ይሞላል፣ ማንም አይሮጥም።»

መጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ ዶቃው ጠየቅኳቸው። ድሙይ ይባላል አሉ፤ ድሮ ከሩቅ አገር የመጣ ሰማያዊ ዶቃ ነው፣ ዛሬ ከየትም አይመጣም። ያለው ያው ከአያት የመጣው ነው። ሰው ሚስት ሲያገባ ድሙዩን ለልጅቱ ቤት ይሰጣል፤ የልጅቱ ወንድም ደግሞ በዚያው ድሙይ የራሱን ሚስት ያገባል። ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ አይጨመርም። እያንዳንዱ የማን እንደነበረ ይታወቃል።

ጅማ ገበያ የገዛሁት ዶቃ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

«ምንይችል ከየት ያመጣል?» አሉ አቶ ኦቻላ። «ደገኛ ነው። ስለዚህ ተውነው አልን።»

«ታዲያ ኦባንግስ?»

ኦባንግ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ዕድሜው ሃያ አምስት ይሆናል፣ እዚያው መጋዘን ጥበቃ ነው።

«የሚወዳት ልጅ አለች» አሉ። «አባቷ ድሙይ ይላል። የአርያት ድሙይ የእሱ ነበር። አሁን የለም። ይጠብቃል።»

ኦባንግን ጠራሁት። «አይከፋህም?» አልኩት።

«ይከፋኛል» አለ።

ፍየሉን ከብረቱ ላይ ፈትቶ ወደ ጥላው ወሰደው፤ ፀሐይ ደርሶበት ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርያት ከሥራ ወጥታ መጣች። ወንዙ ዳር ሁለታችን ብቻ ሄድን። ያመጣሁትን ነገር አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ብዬ ጀመርኩ። ለእናታችን የገባሁትን ቃል ነገርኳት። «አንቺን ጠልቼ አይደለም። ብትጠመቂ፣ በቤተ ክርስቲያን ቢሆን፣ እኔ ራሴ ነበርኩ ሚዜሽ።»

ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«እናቴ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ነው የምትሄደው» አለች። «እኔም እዚያ አደግኩ። ምንይችል ሰንበት ሰንበት ቅዳሴ ይዞኝ ይሄዳል። እሄዳለሁ፣ እሰማለሁ። ቄሱ ‹ነገ ብትጠመቂ እዚሁ አጋብተን ማስረጃ እንሰጣችኋለን፤ ሁሉ ይቀላል› አሉኝ። እምቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«እታለም፣ ለዝውውር ብዬ አልጠመቅም። ካመንኩ ያን ጊዜ እጠመቃለሁ። አሁን ብጠመቅ ለቢሮው ነው የምጠመቀው።»

ወደ ከተማው እስክንመለስ ሐሳቤ ታይፑ ላይ ነበር።

ምንይችልን ሳገኘው «ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«እኔ ብናገር ‹ወድጄ ጻፍኩ› አትዪም፣ ‹አስገደደኝ› ነው የምትዪው» አለ። «ዝም ብትዪም አልቀየምሽም። ማታር እሄዳለሁ፣ እሷ ፑኝዶ ትሄዳለች። ዓመት ነው። ሰው ይችለዋል።»

«ትዋሻለህ።»

«አዎ» አለ።

ዓርብ።

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱን አግኝቼ ላማክር ነበር፤ ወደ ገጠር ወጥተዋል አሉኝ። በሩ ላይ ሰግጄ ተመለስኩ። ምልክት አላየሁም፣ ቃልም አልሰማሁም፤ ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ስደርስ ሁሉም በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ የአርያት እናት ጭምር። አቶ ቱት ከውስጥ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ታይፒስት አላገኙም። አቶ ኦቻላ ቀና ብለው «ለእህታችን ወንበር ስጡ» አሉ፤ እኔ ነኝ ቆሜ የነበርኩት።

«ታይፕ እችላለሁ» አልኩ።

አቶ ቱት አልሰሙኝም መሰለኝ። «ምን አሉ?»

«ታይፒስት ነኝ። ሥራዬ ነው። ትላንትም እችል ነበር።»

የአርያት እናት ምን እንደተባለ ጠየቁ። አቶ ኦቻላ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። እናትየዋ እኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የከረጢቱን ልብስ ገፈፍኩ። የቀለም ሪባኑ ደርቋል፤ አዟዙሬ ያልተመታበትን ጎን አመጣሁት። ሦስት ወረቀት፣ በመሐሉ ሁለት ካርቦን። የአማርኛ ታይፕ እንደ ፈረንጁ አንድ ፊደል በአንድ ምት አይጨርስም፤ አካሉን መትታችሁ ቅጥሉን ትጨምሩበታላችሁ፤ ስለዚህ የሚቸኩል እጅ አይሆንለትም። የአርያትን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጠየቅኩ። እሷ አጠገቤ ቆማ አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንዷን ፊደል ስቼ ነበር፤ ማጥፋት ስላልፈለግኩ ሦስቱንም ወረቀት ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። አቶ ቱት የቀራቸው ቅጽ ጥቂት መሆኑን አስታወሱኝ። «ይኼ እንዲሰረዝ አልፈልግም» አልኳቸው።

የሙሽራው ወገን ምስክር የሚለው ቦታ ስደርስ የራሴን ስም መታሁ። አራት ሰዓት ነበር። አቶ ኦቻላና እናትየዋ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔ ፈረምኩ። አቶ ቱት ተነሥተው ማለት ያለባቸውን ነገር ረጋ ብለው አሉ፤ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱ። ሠርጉ ይኸው ነው፤ እልልታው ከበረንዳው ነው የመጣው፣ የማናውቃቸው ባለጉዳዮች ናቸው ያስነሡት።

ምንይችል ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮው ሮጠ። አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ። የእሱ ስም አጠገብ «ማታር» የሚለው ተሰርዞ በእስክሪብቶ «ፑኝዶ» ተጽፏል።

«በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ያሉት እነዚህ ናቸው?» አልኳቸው አቶ ቱትን።

«እነዚሁ ናቸው» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ የጎሬ መኪና አገኘሁ። የአርያት እናት እሸት በቆሎና ለውዝ አስያዙኝ። ኦባንግ ሻንጣዬን ጋቢናው ላይ አደረሰልኝ። «ለአንተም እንዲሆንልህ እጸልያለሁ» አልኩት። «ጸልዪ» አለኝ፤ «ዶቃ ካገኘሽም ላኪ።» ይኼን ሲል ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ፈገግ ማለት አቃተኝ።

ጅማ ከተመለስኩ ሁለት ወር አልፏል። ለእናቴ የገባሁትን ቃል አልፈጸምኩም፤ ይህን ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ የሰጡኝንም ቀኖና እየፈጸምኩ ነው። አሁን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሳምንት ከቢቸና ደብዳቤ መጣልኝ። ምንይችል ለእናታችን ጽፎ ኖሮ፣ ጎረቤት እንዲህ ብሎ አንብቦላታል፦ «ታይፒስት ጠፍቶ ስንጨነቅ እታለም ወዲያው ተነሥታ ጻፈችልን።» እናቴም አልቅሳ መረቀችኝ ይላል።

ወዲያው አልነበረም።

ስለዚህ የዚህን ግልባጭ ወደ ጋምቤላም እልካለሁ፤ እዚያ የነበራችሁ፣ አቶ ኦቻላ፣ ኦባንግ፣ አንቺም አርያት፣ ለፋሲካ ወደ ቢቸና እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ። እናቴ ትጠይቃችኋለች፤ ከቤት ሳታስወጣችሁ፣ አንድ በአንድ ነው የምትጠይቀው። ምንይችል ሊያሳምርልኝ ይሞክራል፤ እሱን አትስሙት። የታይፕ መኪናው እዚያው ክፍል ውስጥ እንደነበረ ንገሯት። ከሐሙስ ሦስት ሰዓት እስከ ዓርብ አራት ሰዓት ድረስ እያየሁት ዝም ማለቴን፣ ያን ቀን ሙሉ ከተማችሁን እያሳያችሁኝ፣ ጥላ እየፈለጋችሁልኝ እንደዋላችሁ ንገሯት። ከዚያ በኋላ ልትመርቀኝ ከፈለገች ትመርቀኝ።